«ካልቸሩ ንጹህ ነው» ተባልኩ፤ ሕመሙ ግን አለ

ስለ ሽንት ፊኛ ሕመም የመጡ ደብዳቤዎችን ለይቼ ሳስቀምጥ ቆይቼ ነበር። ሰሞኑን አምስት ሞሉ። አንዱ የጠየቀው ሌላውንም ስለሚነካ አንድ ላይ አወጣኋቸው። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር፦ ሐኪም አይደለሁም። ከዚህ ሕመም ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ፣ ስለሱ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፣ ሐኪሞቼንም በጥያቄ አሰልችቻቸዋለሁ። የምጽፈው ከዚያ ነው። መድኃኒት ለመጀመርም ሆነ ለማቆም የራሳችሁን ሐኪም አማክሩ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ከእምብርቴ በታች ማመም ከጀመረኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ሽንቴ ይወጥረኛል፣ ሮጬ እሄዳለሁ፣ የሚወጣው ግን ትንሽ ነው። ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ እነሳለሁ። መጀመሪያ «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው» ተባልኩ። እስካሁን ስድስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስጃለሁ። ካልቸር፣ ሽንቱ ውስጥ ተህዋሲ ይበቅል እንደሆነ የሚያዩበት ምርመራ፣ ሦስት ጊዜ ተሠርቶልኝ ሦስቱም ንጹህ ነው። ቤተሰብ «ብርድ መቶሽ ነው» ይለኛል። የመጨረሻው ሐኪም ደግሞ «ምንም የለሽም፣ ጭንቀት ነው» አለኝ። እውነት ጭንቀት ነው? ወይስ ያልታየልኝ ነገር አለ? — የደከማት

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ የፈጠርሽው ነገር አይደለም። ይሄን አስቀድመሽ ያዢልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፊኛሽ ሲሞላ ሕመሙ ይብስብሻል? ሸንተሽ ስትመለሺስ፣ ለአሥር ደቂቃም ቢሆን ቀለል ይልሻል? አዎ ካልሽ ከኢንፌክሽን ሌላ ስም ማሰብ አለብን። ሐኪሞች «ኢንተርስቲሻል ሲስታይቲስ» ወይም «የሽንት ፊኛ ሕመም ሲንድረም» ይሉታል። የአሜሪካ የዩሮሎጂ፣ ማለትም የሽንት አካላት ሕክምና፣ ማኅበር መመሪያ የሚያስቀምጠው መስፈርት ብዙም አይከብድም፦ ከፊኛ የመጣ የሚመስል ሕመም፣ ጫና ወይም አለመመቸት፤ አብሮት የሽንት መመላለስ ወይም ማጣደፍ፤ ይሄ ሁሉ ከስድስት ሳምንት በላይ ቆይቶ፣ ኢንፌክሽንም ሆነ ሌላ ግልጽ ምክንያት ሳይገኝለት ሲቀር። አንቺ ስድስት ሳምንቱን ካለፍሽ ዓመት አልፎሻል።

ደግሞ ትናንት የመጣ በሽታ አይደለም። ስሙ እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ አለ። በ1915 ጋይ ሃነር የሚባል አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም በአንዳንድ ታካሚዎቹ የፊኛ ግድግዳ ላይ ቁስል ማየቱን ጻፈ። ዛሬም «የሃነር ቁስል» ይባላል። ጉዱ ምን መሰለሽ፣ አብዛኞቻችን ይሄ ቁስል የለንም። እኔም የለኝም። በካሜራ ታይተሽ «ደህና ነው» ብትባዪ ሕመሙ የለም ማለት እንዳልሆነ ከአሁኑ እወቂው።

ታዲያ ምን እየሆነ ነው? አንደኛው ማብራሪያ ስለ ፊኛው የውስጥ ሽፋን ነው። ግድግዳውን ሽንት እንዳይነካው የሚጠብቅ ስስ፣ ሙልጭልጭ ያለ ሽፋን አለ። እሱ ሲሳሳ በሽንት ውስጥ ያለው ፖታሲየም ዘልቆ ይገባና ነርቮቹን ያስቆጣል። ሌላው ማብራሪያ ነርቮቹ ራሳቸው ከመጠን በላይ ነቅተዋል ይላል፤ ገና ሩብ ኩባያ ሽንት ሲጠራቀም «ሞላ! ሞላ!» እያሉ ይጮኻሉ። ሦስተኛው ከታች ያለውን የዳሌ ወለል ጡንቻ ይመለከታል፤ እሱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ ምክንያት አልተገኘም። ለኔ የበጀኝ ላንቺ ላይበጅሽ የሚችለውም ለዚህ ነው።

ጭንቀት ያባብሰዋል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ሌሊት ስድስት ጊዜ የምትነሳ ሴት ባትጨነቅ ነበር የሚገርመኝ።

ስለ አንቲባዮቲኩ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ዓመታት የምናባክነው እዚህ ላይ ነው። እኔ አራት ጊዜ ከወሰድኩ በኋላ «ይሠራልኛል» ብዬ አምን ነበር። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ይሻለኛላ! ሲያገረሽም እዚያው ፋርማሲ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ይሄ ሕመም ያገረሻል፣ ጥቂት ቀን ያስጨንቃል፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ይበርዳል። እኔ ኪኒኑን የምጀምረው ሲብስብኝ ነው፣ ስለዚህ ምስጋናውን ሁልጊዜ ኪኒኑ ይወስዳል። ከኪኒኑ ጋር ውሃ አብዝቼ ስለምጠጣም ሽንቴ ይቀጥናል፣ ማቃጠሉም ይቀንሳል። መመሪያው በዚህ ላይ አያወላዳም፤ ኢንፌክሽን ካልታየ ለዚህ ሕመም የረጅም ጊዜ አንቲባዮቲክ አይሰጥም። ስለዚህ ከእንግዲህ ሲያገረሽብሽ መጀመሪያ ካልቸር፣ ከዚያ መድኃኒት። ካልቸሩ ተህዋሲ ካበቀለ ውሰጂ። አንቺም እንደ ማንኛውም ሰው እውነተኛ ኢንፌክሽን ሊይዝሽ ይችላል።

ሐኪም ጋ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ለሦስት ቀን ማስታወሻ ያዢ። ሚሊ ሊትር የተጻፈበት አሮጌ የፕላስቲክ መለኪያ ሽንት ቤት አስቀምጪ፣ በሸናሽ ቁጥር ሰዓቱን፣ መጠኑን፣ ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር ጻፊ። የበላሽውንና የጠጣሽውንም ጨምሪ። የኔ የመጀመሪያ ወረቀት አሁንም አለኝ። ጥጉ ረጥቦ ተጨማዷል። «ሌሊት 7፡40 — 70 ሚሊ፣ ሕመም 6። 8፡35 — 60 ሚሊ፣ ሕመም 7። 9፡50 — 80 ሚሊ፣ ሕመም 6።» የጤነኛ አዋቂ ፊኛ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር በምቾት ይይዛል። ለሁለት ዓመት «በጣም እመላለሳለሁ» ስል የሰማኝ አልነበረም። ያቺን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጣት ግን ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠችና «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለችኝ።

ሌላው ነገር መጣራቱ ነው። ይሄ ስም የሚሰጠው ሌላው ሁሉ ታይቶ ካለቀ በኋላ ነው፦ የፊኛ ጠጠር፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል)፣ ቢልሃርዚያ በሚገኝበት አካባቢ ለኖረ ሰው ቢልሃርዚያ፣ ካልቸሩ ንጹህ ሆኖ ሽንት ውስጥ ነጭ የደም ሴል እየታየ ላስቸገረው ደግሞ የሽንት ቧንቧ ቲቢ። ሽንትሽ ውስጥ ደም ካየሽ፣ አንዴም ቢሆን፣ አትዘግዪ። የፊኛ ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ በተለይ የሚያጨስ ወይም ያጨስ የነበረ ሰው። ሕመማችን ራሱ ወደ ካንሰር አይለወጥም፣ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። ሁለቱን የምነግርሽ እኔ ሌሊት ሌሊት ስለነሱ ስለፈራሁ ነው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ «ለሽንት ፍቱን ነው» ብላ የክራንቤሪ ጭማቂ አመጣችልኝ። በጠጣሁ በሰዓቱ እሳት ሆነብኝ። ሰውነቴ ነው የተበላሸው? ቡናም ተዪ ይሉኛል፣ ቡና ከምተው ግን… ውሃ ብቀንስስ መመላለሱ አይቀንስም? — ቡና ወዳድ

መልስ፦ ኧረ አልተበላሸሽም! ክራንቤሪ የሚነሳው ኢንፌክሽን እንዳይደጋገም ለመከላከል ነው። ለኛ ፊኛ ግን አሲድ ነው፣ ቁስል ላይ ሎሚ እንደመጭመቅ። ጓደኛሽ በቅንነት ነው ያደረገችው፤ ጭማቂውን እሷው ትጠጣው።

ከአብዛኞቻችን ጋር የማይስማሙት ነገሮች ይታወቃሉ፦ ቡና፣ ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ አልኮል፣ ሎሚና ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ የሚያቃጥል ቃሪያ፣ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ። ቫይታሚን ሲ ኪኒንም እዚህ ውስጥ ነው፣ ይሄን የሚጠረጥር ሰው ጥቂት ነው። ግን ዝርዝሩን እንዳለ ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ ዕድሜ ልክሽን እንዳትኖሪበት። እኔ ይሄን ስሕተት ሠርቻለሁ። ለስምንት ወር ሩዝና የተቀቀለ ድንች ስበላ ኖርኩ፣ ከሳሁ፣ ሰው ቤት መሄድ ተውኩ። በኋላ ሲታይ ቲማቲም ምንም አያደርገኝም ነበር!

እንዲህ አድርጊ። ለሁለት ሦስት ሳምንት ሁሉንም ተዪ። ሕመሙ ሲረጋጋ አንድ በአንድ መልሺ። አንዱን በትንሹ ቅመሺ፣ ሦስት ቀን ጠብቂ፣ ዝም ካለ ቀጣዩን። ሁለት ነገር በአንድ ቀን አትመልሺ፣ ጥፋተኛው አይታወቅም። ምንም ለውጥ ካላየሽ ደግሞ ያንቺ ፊኛ ከምግብ ጋር ጠብ የለውም፣ ብዪና ተገላገዪ።

ቡናን በተመለከተ መጥፎ ዜና አለኝ፤ ከሁሉ የሚብሰው እሱ ነው። ካፌይኑም አሲዱም። በአንድ ቀን አትቁረጪው፣ ራስ ምታቱ ያስለቅስሻል። በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ቀንሺ። እኔ ዛሬ ሕመሙ በረደልኝ ባልኩ ጊዜ ጠዋት ግማሽ ስኒ እጠጣለሁ፣ ምግብ በልቼ፣ ከኋላው ውሃ አስከትዬ። ያቺ ግማሽ ስኒ የኔ ናት፣ ማንም አይነካብኝም።

ውሃ ግን እንዳትቀንሺ። የሁላችንም የመጀመሪያ ተንኮል ይሄ ነው፣ ሥራ ቦታ እስከ ምሳ ጠብታ ሳይቀምሱ መዋል። ውሃ ሲያንስ ሽንት ይወፍራል፣ ጥቁር ቢጫ ይሆናል፣ ፊኛውን የበለጠ ያቃጥላል። ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ጠጪ፣ ከመተኛትሽ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለሽ አቁሚ።

ጥያቄ፦ እኔ የማመው ሰው አይደለሁም፣ ባለቤቴ ነች። ከተጋባን አራት ዓመታችን ነው። ግንኙነት ባደረግን ማግስት ሁለት ቀን ታማለች። አሁን አሁን ገና ስነካት ትሸሻለች። ምርመራዋ ሁሉ ንጹህ ነው። እውነቱን ንገሪኝ፣ ሰበብ እየፈጠረች ይሆን? እኔን መጥላቷ ነው ብዬ ማሰብ ጀምሬያለሁ። — ግራ የገባው ባል

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለጻፍክልኝ ደስ ብሎኛል። ብዙ ወንድ ይሄን ጥርጣሬ ሆዱ ውስጥ ይዞ ዝም ይላል፣ ትዳሩ በዝምታው ይበላሻል።

ሰበብ አይደለም። ፊኛ ከሴት ብልት ፊት ለፊት ተጠግቶ ነው ያለው፤ በግንኙነት ጊዜ በቀጥታ ይመታል። ከሥር ደግሞ ፊኛውን፣ ማህፀኑንና አንጀቱን እንደ መረብ አልጋ የተሸከመ ጡንቻ አለ፣ የዳሌ ወለል ይባላል። ዓመት ሙሉ ያመመው ሰው ይሄን ጡንቻ ሳያውቀው ጨምድዶ ይይዛል፣ መርፌ ሲያይ ክንዱን እንደሚያጠነክር ሰው። የተጨመደደ ጡንቻ በራሱ ያማል፣ ሲነካ ይብሳል። ስለዚህ ስትነካት ቀድሞ የሚሸሸው ጡንቻዋ ነው። እሷ ራሷ ምናልባት ከሽሽቷ በኋላ ነው የምታውቀው።

ለዚህ ደግሞ ሕክምና አለው፣ ያውም ያለ ኪኒን። የዳሌ ወለል ፊዚዮቴራፒ ይባላል። የሠለጠነ ባለሙያ የተቋጠረውን ጡንቻ በእጁ ቀስ እያለ ያፍታታዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ይሄ ሕመም ያለባቸውን 81 ሴቶች ለሁለት ከፍሎ ነበር። ጡንቻቸው በዚህ መንገድ ከተፍታታላቸው ውስጥ 59 ከመቶው ጥሩ መሻሻል አየን አሉ፤ ተራ የሰውነት ማሸት ካገኙት 26 ከመቶው ብቻ። እኔም ከሞከርኩት ሁሉ የጠቀመኝ ይሄ ነው። መጀመሪያው ቀን አፍሬ ልሞት ነበር፤ በስድስተኛው ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሰው ሁሉ «ኬግል ይሥራ» ይላል፤ ሽንትን እንደመቋጠር ጡንቻውን እያጠበቁ መልቀቅ ማለት ነው። ከወሊድ በኋላ ሽንት ለሚያመልጣት ሴት ጥሩ ነው። የሚስትህ ጡንቻ ግን የሚያስፈልገው መላላት ነው፣ ጨምሮ ማጥበቅ ያባብስባታል።

ቤት ውስጥስ? ከግንኙነት በፊትም በኋላም ትሽና። ማለስለሻ ተጠቀሙ፣ ሽታና ማቃጠል የሌለውን። እላይዋ ላይ ክብደትህ ሲያርፍ ፊኛዋን ስለሚጫን ጎን ለጎን ወይም እሷ ከላይ ሆና ፍጥነቱን እሷ ትወስን። ሲያልቅ በፎጣ የተጠቀለለ ሙቅ ውሃ የያዘ ጎማ ከእምብርቷ ሥር አድርግላት፤ አንዳንዷ ሴት ደግሞ ቅዝቃዜ ነው የሚሻላት፣ ጠይቃት። የወር አበባዋ ሊመጣ ሲል ሕመሙ ስለሚብስ እነዚያን ቀናት ዝለሏቸው። ከሁሉ በፊት ግን እቅፍ ማድረግህ ሁሉ ወደዚያ እንደማያመራ ትወቅ። እቅፍህን የምትሸሸው የሚከተለውን ፈርታ ሊሆን ይችላል። ይሄን ከባለቤቴ ጋር ለመነጋገር ሦስት ዓመት ፈጅቶብናል፤ እናንተ ዛሬ ማታ ጀምሩት።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ 58 ዓመቴ ነው፣ ወንድ ነኝ። ፕሮስቴት ነው ተብዬ ለሁለት ዓመት መድኃኒት ወስጃለሁ፣ ጠብ ያለልኝ የለም። ይሄ የናንተ የሴቶች በሽታ ለወንድም ይመጣል ወይ? ደግሞስ የሚያድን መድኃኒት የለውም?

መልስ፦ አባቴ፣ ይመጣል። በሴቶች ይበዛል እንጂ ወንዶችንም ይይዛል። ወንድ ሲሆን ስሙ ፕሮስቴት ላይ ስለሚቆም ሳይታወቅ ይቆያል። እስቲ ራስዎን ያዳምጡ። ሽንትዎ ለመጀመር ያስቸግራል፣ ይቆራረጣል፣ ጅረቱ ደክሟል? ያ ወደ ፕሮስቴት ያደላል። ጅረቱ ደህና ሆኖ ፊኛዎ ሲሞላ የሚያምዎ፣ ሲሸኑ የሚቀልልዎ ከሆነ ግን ዩሮሎጂስትዎን «ፊኛው ይታይልኝ» ይበሉት። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

በርስዎ ዕድሜ በካሜራ መታየቱን ችላ አይበሉ። ሲስቶስኮፒ ይባላል፣ ቀጭን ካሜራ በሽንት ቧንቧ ገብቶ ፊኛውን ያያል። ቅድም ያነሳሁት የሃነር ቁስል ዕድሜያቸው ገፋ ባሉት ላይ ይበዛል። ቁስሉ ከተገኘ፣ ይገርምዎታል፣ ዕድለኛ ነዎት፤ ሐኪሙ የሚያክመው የሚታይ ነገር አገኘ ማለት ነው። ይተኩሰዋል ወይም ስቴሮይድ ይወጋዋል፣ ብዙ ሰው በዚያ ለወራት እፎይ ይላል። ሲመለስ ይደገማል።

ነቅሎ የሚያድን መድኃኒት የለም። የሚያበርዱ ግን አሉ። አሚትሪፕቲሊን ቀድሞ ከሚሞከሩት አንዱ ነው፤ ለድብርት የተሠራ ቢሆንም በትንሽ መጠን፣ ከ10 ሚሊ ግራም ተጀምሮ፣ ማታ ይሰጣል፣ የነርቮቹን ጩኸት ይቀንሳል። አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል። ፕሮስቴት ላለበት ሰው ደግሞ ሽንት ሊያግድ ስለሚችል ይሄን ለሐኪምዎ ሳይነግሩ እንዳይጀምሩ። ፔንቶሳን የሚባል እንክብልም አለ፣ በአሜሪካ ለዚሁ ሕመም እ.ኤ.አ. በ1996 የተፈቀደ። ለዓመታት በወሰዱ አንዳንድ ሰዎች ላይ የዓይን መረብ ጉዳት በመታየቱ በ2020 ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል፤ የሚወስድ ሰው ዓይኑን ይመርመር። ከዚያ ወዲያ በቀጭን ቱቦ መድኃኒት ፊኛ ውስጥ መጨመር አለ፣ ጡንቻ የሚያላላ የቦቶክስ መርፌ አለ፣ ነርቭን በኤሌክትሪክ መኮርኮር አለ። ቀዶ ሕክምና የመጨረሻው መጨረሻ ነው፣ የሚደርስበት ሰው ጥቂት ነው።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ አይጀምሩ። አንዱን ይሞክሩ፣ ወራት ይስጡት፣ ካልጠቀመ ይተዉት። የማይጠቅም ኪኒን እየደራረቡ መኖርም ሌላ በሽታ ነው።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር የስድስት ሰዓት የአውቶቡስ ጉዞ አለብኝ። ከአሁኑ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ይዤ ልሂድ? — መንገደኛዋ

መልስ፦ ወንበሩን መተላለፊያው ዳር ያዢ፣ ከጎማው በላይ ያለውን ተዪው፣ ንዝረቱ ፊኛ ላይ ነው የሚያርፈው። መሐሉ ክፍት የሆነ መቀመጫ ትራስ፣ ላላ ያለ ቀሚስ፣ ልብስ ላይ የሚለጠፍ ማሞቂያ። ውሃ አትከልክዪ፣ በጉንጭ በጉንጭ ጠጪ። የሽንት ቧንቧን ሕመም የሚያደነዝዝ ፌናዞፒሪዲን የሚባል ኪኒን ሐኪምሽ ከፈቀደልሽ ለዚያ ቀን ይሆንሻል፤ ሽንትሽ ብርቱካንማ ሲሆን አትደንግጪ፣ የውስጥ ልብስ ግን ያበላሻል። እስከዚያ ወር አለሽ፣ ሕመሙ ቀለል ባለበት ቀን ትንሽ ተለማመጂ፤ ሲያጣድፍሽ ወዲያው ከመሮጥ አምስት ደቂቃ ቆዪ፣ በሳምንቱ አሥር፣ ከዚያ አሥራ አምስት። የሚያም ከሆነ ግን ሂጂ፣ አትታገዪ። ሾፌሩን ደግሞ ሳትሳፈሪ በፊት «ሕመም አለብኝ፣ ላስቆምህ እችላለሁ» በዪው። እኔ ሁልጊዜ እላለሁ። እስካሁን እምቢ ያለኝ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ራሱ ቸኩሎ አቆመ።